ማነጻጸሪያውን ያጸዱት የጋሽ ጭራሮ ዕረፍት

ከደን እሳት ምርምር ጽሕፈት ቤት የፌሎሺፕ ክፍል ለሠራተኞች፣ ለቀድሞ ተመራማሪዎችና ለሕዝብ የወጣ የሐዘን መግለጫ

የፌሎሺፕ ክፍላችን መሥራችና እስከ መጨረሻው አስተባባሪው የነበሩት፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ጭራሮ» የምንላቸው አንጋፋ የደን ተመራማሪ፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ክፍላችን ይህን የሚያሳውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። «ጥልቅ» የሚለው ቃል በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ከመብዛቱ የተነሳ ክብደቱን ያጣ ቢሆንም በዚህ ጊዜ ሌላ አላገኘንለትም።

ሥርዓተ ቀብራቸው ቤተሰቦቻቸው፣ ወዳጆቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። መግለጫው ከቀብሩ በኋላ መውጣቱ እንዳሳዘናችሁ እናውቃለን። ረቂቁ በክፍሉ በቀረነው ጥቂት ሰዎች መካከል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲመላለስ ሰንብቷል፤ ደግሞም ደክሞናል። ባለፉት ዓመታት ለሌሎች ባልደረቦች ያወጣናቸውን መግለጫዎች ስናይ ሁሉም ላይ «የማይተካ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ጋሽ ጭራሮ ይህን ቃል አይወዱትም ነበር። የማይተካ ሰው ያለበት መሥሪያ ቤት በደንብ አልተደራጀም ማለት ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ አልጻፍነውም፤ መሥሪያ ቤታችን በደንብ አለመደራጀቱን ግን አንክድም።

ሟቹ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው። ደን ከመቃጠሉ በፊት ዛፉ ቢሳሳ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ቢገረዝ፣ የወደቀው እንጨትና ደረቁ ቅጠል ቢለቀም፣ የተረፈውም በእርጥብ ወራት በጥንቃቄ ቢቃጠል፣ በበጋ ሰደድ እሳት ሲመጣ ጉዳቱ ይቀንሳል ወይ? ከቀነሰስ በምን ያህል? መንገደኛው ሁሉ «ይቀንሳል እንጂ!» ብሎ የሚያልፈው ጥያቄ ነው። እሳቸው ግን «እንጂ» ማስረጃ አይደለም ይሉ ነበር። በየስብሰባው አንድ ሰው ተነስቶ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ መተረቱ የማይቀር ሲሆን፣ ጋሽ ጭራሮም «ቅጠሉ ራሱ እኮ ነው የሚቃጠለው» ማለታቸው የማይቀር ነበር። ቀልዱን ከልክ በላይ ሰምተነዋል። ዛሬ ብንሰማው አይሰለቸንም ነበር።

በመጀመሪያው ዙር፦

ክፍሉ ሲቋቋም ወጣት ተመራማሪዎች ደን ለደን እየዞሩ ይህን ጥያቄ እንዲያጠኑ በየዙሩ ለጥቂት ዓመታት ወጪያቸውን የሚሸፍን የምርምር ፌሎሺፕ ታወጀ። ማስታወቂያው «በደን ነዳጅ ቅነሳ ላይ ለሚመራመሩ» ይል ነበር። በሙያው ቋንቋ ነዳጅ ማለት ደን ውስጥ ሊቃጠል የሚችል ነገር ሁሉ ነው፤ ይህን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነበርን። ካመለከቱት መካከል አንድ የቦቴ ሾፌር፣ የማደያ ተቆጣጣሪዎችና የመኪናን ፍጆታ በግማሽ የሚቀንስ መሣሪያ ሠርቻለሁ ያለ መካኒክ ይገኙበታል። ጋሽ ጭራሮ ለእያንዳንዳቸው በትሕትና መልስ ጻፉላቸው፤ ለመካኒኩ ደግሞ አድራሻ ፈልገው ወደሚመለከተው ቦታ መሩት። ከዚያ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «ጭራሮ በሉት፤ ሰው ይገባዋል» አሉ። ኃላፊው ጭራሮ ማኅተም ለሚያርፍበት ወረቀት አይመጥንም ብለው «ተቀጣጣይ» የሚለውን መረጡ። ተቀጣጣይ ለወረቀቱ ሆነ፤ ጭራሮ ግን ለእሳቸው ቀረ።

የጥናቱን ንድፍ ያዘጋጁት በዚሁ ዙር ነው። ተመሳሳይ ቁልቁለትና ተመሳሳይ ዛፍ ያላቸው የደን ቦታዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተመረጡ። ከየጥንዱ አንዱ ይጸዳል፤ ሌላው ሳይነካ ይቀመጣል። ሳይነካ የሚቀመጠው «ማነጻጸሪያ» ይባላል። ማነጻጸሪያ ከሌለ፣ የጸዳው ቦታ ከእሳት ቢተርፍ እንኳ በጽዳቱ ይሁን በዕድሉ የተረፈው ማንም ሊናገር አይችልም። የትኛው ይጽዳ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው በሰው ፍላጎት እንዳይወሰን ዕጣ ይጣላል።

ዕጣው የወጣው ጣሪያው በሚያፈሰው የስብሰባ ክፍላችን ውስጥ፣ ወረቀቶቹ በመስክ ቆብ ተደርገው፣ በጋሽ ጭራሮ እጅ ነው። ከከተማው ጫፍ ካለው ሰፈር በላይ ያለው ቁልቁለት ማነጻጸሪያ ሆኖ ወጣ። በዚያ ሰፈር፣ ከደኑ ሥር በመጀመሪያው ረድፍ፣ ታላቅ እህታቸው ይኖራሉ። እናታቸው በልጅነታቸው ስላረፉ አጥበው፣ አብልተው፣ ተቆጥተው ያሳደጓቸው እኚህ እህታቸው ናቸው።

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ዕጣው ይደገም የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ጋሽ ጭራሮ «ያልጣመህን ዕጣ የምትደግመው ከሆነ ዕጣ አይባልም፤ ምርጫ ነው» ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ለጸሐፊዋ ሰጡ። በዚያ ቀን ወደ ቤታቸው የሄዱት በእግራቸው ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው እያዩ አልፈውት ሄዱ።

በሁለተኛው ዙር፦

በሌላ ተራራ ላይ የተነሳ እሳት የጥናት ቦታዎቻችንን አቋርጦ አለፈ። ከእነዚህ ሁለቱ በሪፖርት ላይ «ጸድቷል» ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ። አንዱን እሳቱ ከጉልበት በማይበልጥ ነበልባል ሲያልፈው፣ ሌላው ከራሱ ማነጻጸሪያ ብሶ እስከ ጫፉ ከሰለ። መሥሪያ ቤቱ ተደናገጠ። «ጽዳት አይጠቅምም» የሚል ወሬም እኛ ሳንመለስ ከተማ ገባ። ጋሽ ጭራሮ ቦታው ድረስ ሄደው አመዱን በጫማቸው ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ዛፉ ተቆርጧል፤ ቅርንጫፉ ግን እዚያው እንደተከመረ ከርሟል። የመስክ ሠራተኞቹ መጋዝ የሠራ ዕለት «ጸድቷል» ብለው ይጽፋሉ፤ ጭራሮው ግን መኪና እስኪመጣለት ይጠብቃል። መኪናው ደግሞ የእኛ መኪና ነው።

በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ ቆርጦ መተው ጨርሶ ካለመንካት ሊብስ እንደሚችል አሳዩ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ በብዛት የተነበበው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤታችን «ጸድቷል» የሚባለው መሬቱን በእግሩ የረገጠ ሰው ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። በክፍላችንም አንድ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ጨረስኩ ካለ «ጭራሮውስ?» ይባላል። ይህንኑ መግለጫ ስናረቅም ተብሏል።

በእነዚሁ ዓመታት በማነጻጸሪያው ሰፈር ኑሮው ሌላ መልክ ያዘ። በደኑ ግርጌ የተከልነው ሰሌዳ «ማነጻጸሪያ፦ መንካት ክልክል ነው» ይላል። ነዋሪዎቹ ሰሌዳውን ዓመት ከዓመት ሲያዩት የሰፈራቸው ስም አደረጉት። ሱቁ ማነጻጸሪያ ሱቅ ተባለ። አውቶቡስ ውስጥም «ማነጻጸሪያ ጋ ወራጅ አለ» ማለት ተለመደ። ቀልድ ይመስላል፤ ነዋሪዎቹም እየሳቁ ነው የሚሉት። በየበጋው መግቢያ ግን ተወካዮቻቸው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ አይስቁም። ከጉብታው ወዲያ ያለው ሰፈር ደኑ ተጸድቶለት እነሱ ለምን እንደቀሩ ይጠይቃሉ። ጋሽ ጭራሮ ወንበር ስበው፣ ውሃ አስቀርበው፣ ስለ ጥንዶቹና ስለ ዕጣው በቀላል ቋንቋ ያስረዷቸዋል። ከተወካዮቹ አንዱ፣ የጎማ ጠጋኝ የነበሩት አዛውንት፣ አንድ ቀን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ገባኝ። እኛ ከተቃጠልን እነሱ ለምን እንዳልተቃጠሉ ታውቃላችሁ ማለት ነው» አሉ። ጋሽ ጭራሮ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ብለው መለሱ። ውሸት መናገር አይችሉበትም ነበር።

ታላቅ እህታቸው ከተወካዮቹ ጋር መጥተው አያውቁም። ወንድማቸውን በሰው ፊት ማሳጣት አልፈለጉም። በቤታቸው ምሳ ላይ ያሏቸውን ግን ጋሽ ጭራሮ ራሳቸው ነግረውናል። «የሰውን ደን ታጸዳለህ፤ የእኔን ታነጻጽራለህ» ነው ያሏቸው። ሲነግሩን ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀባቸው።

ለምን እንዳላጸዱት የሚጠይቅ አይጠፋም። የእህታቸውን ቁልቁለት ቢያጸዱ፣ በሌላ ማነጻጸሪያ ሥር አክስት ያለው፣ አማት ያለው፣ ጓደኛ ያለው ሁሉ ተነስቶ ይጠይቃል፤ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል አይቻልም። ጥናቱም ይፈርሳል። ከዚያም በላይ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» መባልን ይፈሩ ነበር። ይህ ፍርሃት የሐቀኛ ሰው ፍርሃት ነው። ነገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነበር፤ እሳቸውም ይህን አላጡትም።

እሳት የሚጠብቅ ምርምር እንደሚያደክም ለሕዝብ አስረድተን አናውቅም። ሌላው ተመራማሪ ዘርቶ አዝመራ ይጠብቃል። የእኛ ጥናት የሚሟላው ግን ማንም እንዲመጣ የማይመኘው ነገር ሲመጣ ነው። በበጋ ጭስ የታየ ዕለት የክፍላችን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎም በማነጻጸሪያው ሰፈር አለመሆኑን ሲሰማ ይደሰታል፤ ቀጥሎ ደግሞ አሁንም ውጤት እንደሌለው ያስታውሳል። እነዚህ ሦስቱ በጋሽ ጭራሮ ላይ ለብዙ ዓመት ተፈራርቀውባቸዋል። ጥናቱ እንዲሟላ እሳት ከእህታቸው ጣሪያ በላይ መምጣት ነበረበት። ይህን ያህል ግልጽ አድርገን የተናገርነው አሁን፣ እሳቸው በሌሉበት ነው።

በሦስተኛው ዙር፦

የማነጻጸሪያውን ቁልቁለት እንዲያጠኑ የተመደቡት በአሁኑ ጊዜ የክፍላችን ባልደረባ የሆኑት ወጣት ተመራማሪ ናቸው። በየሳምንቱ ቁልቁለቱን ወጥተው የወደቀውን ጭራሮ ይመዝናሉ፤ እርጥበቱን ይለካሉ። የፌሎሺፕ ጊዜያቸው በሙሉ የቆመው በዚህ ቦታ ላይ ነበር። በዙሩ መገባደጃ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ አቆመ። ተመራማሪዋ ያመጡትን ጭራሮ ጋሽ ጭራሮ ከጠረጴዛቸው ላይ አንስተው ሰበሩት፤ ቀጭ አለ። የደረቀ እንጨት ድምፅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

በመግለጫ ውስጥ ወግ መጻፍ የመሥሪያ ቤታችን ልማድ አይደለም። የሚከተለውን ግን ሳንጽፍ ብናልፍ አንባቢ ሥራቸውን አይረዳውም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ጭራሮ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ከበሩ ውስጥ በኩል ሻንጣና ጥቅል ልብስ ተደርድሯል። ከግድግዳው ላይ የቤተሰቡ ፎቶዎች ወርደው ቦታቸው ነጭ ነጭ ብሏል።

«እትዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የትም። ማነጻጸሪያ አይደለሁ? ተዘጋጅቼ ልጠብቅ እንጂ» አሏቸው።

በቁጣ ብለዋቸው ቢሆን ጋሽ ጭራሮ ይችሉት ነበር። እህታቸው ግን የተናገሩት ሰሐን እያቀረቡ፣ እንደ ማንኛውም የቤት ነገር ነው።

በማግሥቱ ክፍሉን ሰብስበው የማነጻጸሪያው ቁልቁለት እንዲጸዳ መወሰናቸውን አሳወቁ። ኃላፊው ጥናቱ እንደሚበላሽ፣ ቀጣዩ ዙርም ሊቀር እንደሚችል አስታወሷቸው። እሳቸውም «የማናውቀው ብዙ አለ። የምናውቀውን ያህል እያወቅን ግን ሰው ከሥሩ አስቀምጠን መጠበቅ አንችልም» አሉ። ኃላፊው ማንም ሊጠይቅ ያልደፈረውን ጠየቁ፤ እህትዎ እዚያ ባይኖሩ ኖሮ ይህን ይወስኑ ነበር ወይ? ጋሽ ጭራሮ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ባትኖር ኖሮ ይህን ያህል አልዘገይም ነበር» አሉ።

ቀጥሎ ለተመራማሪዋ ለብቻቸው ሊነግሯቸው ሄዱ። ኮሪደራችን ጠባብ፣ በራችንም ስስ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ ይህን በጋ ብቻ ይጠብቁኝ። ልጨርስ ነው እኮ» አሉ ተመራማሪዋ።

«እኔ እጠብቅሽ ነበር፤ እሳቱ ይጠብቅሽ እንደሆነ እንጃ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ዓመታት ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?»

«ጭራሮው መድረቁን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። በሌላ ሰው ቃል አልወስንም ነበር።»

ተመራማሪዋ በሩን ዘግተው ወጡ። ለጥቂት ቀናት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። ጽዳቱ ሲጀመር ግን ጓንታቸውን አድርገው፣ እያጉረመረሙ መጡ።

ነዋሪዎቹም በሙሉ ወጡ። ማጭድ ያለው በማጭድ፣ መጋዝ ያለው በመጋዝ፣ ምንም የሌለው በእጁ። የጎማ ጠጋኙ አዛውንት ሰሌዳውን ነቅለው ጭራሮ መጎተቻ አደረጉት፤ ማንም አልተናገራቸውም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና በሁለተኛው ቀን ተበላሸ። ጭራሮው በጋሪ ወረደ። ጋሽ ጭራሮን ያን ጊዜ ሳል ጀምሯቸው ነበር። ወደ ቤት ይሂዱ ቢባሉም የመጨረሻው ጋሪ ሳይወርድ አልሄዱም፤ «ጸድቷል» ለማለት መሬቱን መርገጥ ያለበት ሰው እኔ ነኝ ብለው ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ወረዱ። ሲጨርሱ በእህታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ።

በሚቀጥለው በጋ እሳቱ መጣ። ከተራራው ጀርባ ተነስቶ፣ ያልጸዳውን ደን በዛፎቹ ጫፍ ላይ እየዘለለ ጨርሶ፣ ከቀትር በኋላ ቁልቁለቱ አናት ላይ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ወደ መሬት ወረደ። በተሳሱት ዛፎች መካከል ዝቅ ብሎ ሲሄድ እሳት አጥፊዎቹ ከቤቶቹ በላይ ባለው የእግር መንገድ ላይ ያዙት። የአንድ ቤት አጥር ተቃጠለ፤ የውሃ ታንከር ቀለጠ። ሰው አልሞተም። ቤቶቹም አልተነኩም፤ በመጀመሪያው ረድፍ ያለው የእህታቸው ቤትም እንዲሁ።

በዚያው ከሰዓት ነፋሱ ዞሯል። ይህም እውነት ስለሆነ መጻፍ አለበት። ነፋሱ ባይዞር እሳቱ ምን ይሆን እንደነበር፣ ቁልቁለቱ ባይጸዳ ነፋሱ ብቻውን ያድነው እንደነበር የሚያሳይ ጎን ለጎን የቆመ ያልተነካ ቦታ የለም። ማነጻጸሪያው ጸድቷል። በጥናቱ የማጠቃለያ ሪፖርት ላይ «ጽዳቱ ለቤቶቹ መትረፍ ያበረከተው ድርሻ ሊረጋገጥ አልቻለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። የጻፉት ጋሽ ጭራሮ ናቸው። ከመካከላችን «ትንሽ ይለዝብ» ያልን ነበርን፤ እንደተለመደው አልተቀበሉንም። በዚህ ዓረፍተ ነገር መነሻነት አራተኛው ዙር እንዳይከፈት ተወሰነ። ክፍላችን በአሁኑ ወቅት ሣጥን በማሸግ ላይ ይገኛል።

ሟቹ በመጨረሻዎቹ ወራት ከቤት አልወጡም። መስኮቱ ዳር በተነጠፈ አልጋ ላይ ሆነው የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ ያርሙ ነበር። እርማታቸው እየሳሳ ሲሄድ ሕመሙ መጠንከሩን ከእጅ ጽሑፋቸው አወቅን። እህታቸው በየቀኑ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ተመራማሪዋ ባሉበት እህታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠየቋቸው፦ «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ አንተ ነህ ያተረፍከን ይለኛል። እውነት አንተ ነህ?»

ጋሽ ጭራሮ «ነፋሱም ዞሮ ነበር እትዬ» አሉ።

እህታቸው ብርድ ልብሱን አስተካከሉላቸውና «እሺ» አሉ። ሌላ ቀን አልጠየቋቸውም።

ካረፉ በኋላ የክፍላችን ሰዎች ለቅሶ ደረስን። እህታቸው በተቀመጡበት ተመራማሪዋን እጃቸውን ይዘው ወደ ራሳቸው አስጠጓቸው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ደኑንም ታውቂዋለሽ። እሱ አላለኝም፤ አንቺ ንገሪኝ። ያተረፈኝ ወንድሜ ነው?» አሉ። ተመራማሪዋም የሠለጠኑበትን መለሱ። «እማማ፣ በእርግጠኝነት ለማለት ያስቸግራል» አሉ። በጥናት ጉባኤ ላይ ቢሆን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ከእኛ ክፍል ውጭ አይገኝም። እህታቸው እጃቸውን ሳይለቁ «እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አሉ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሱም ነበር።

መግለጫው ከቀብሩ በኋላ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቶቹን ያተረፉት እሳቸው ስለ መሆናቸው በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «እንደሚታመነው» ብለን ጻፍን። በሁለተኛው «ከፍተኛ ሊሆን የሚችል አስተዋጽኦ» አልን። ኃላፊው «በብዙዎች አስተያየት» የሚል ጨመሩበት። ሁሉንም የሰረዙት ተመራማሪዋ ናቸው። ሲሰርዙም «ጭራሮውስ?» ብለው ነው፤ ማናችንም አልሳቅንም።

በሪፖርቱ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንለውጠውም። እሳቸው የጻፉት ነው፤ ትክክልም ነው። በየትኛውም ጉባኤ ብንጠየቅ እንደግመዋለን። ይህ ግን ሪፖርት አይደለም።

ለባለቤታቸውና ለልጃቸው፣ በየደኑ ላሉት የቀድሞ ተመራማሪዎቻቸው፣ ከቁልቁለቱ ሥር ላሉት ጎረቤቶቻችንም መጽናናትን እንመኛለን። እኛም መጽናናት ያስፈልገናል፤ ለብዙ ዓመት በአንድ ኮሪደር የኖርን ሰዎች ነን፤ ጠዋት ጠዋት ያንን ሳል አለመስማት አልለመድነውም።

ለታላቅ እህታቸው፦

እትዬ፣ ለጠየቁን ጥያቄ የክፍሉ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች በሙሉ ተሰብስበን ተነጋግረንበታል። ቤትዎን ያተረፉት ወንድምዎ ናቸው። ይህን የምንለው ያለ ማነጻጸሪያ ነው።